ወይራው የሸፈነው ሽታ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ የአንጋጫ መኪና እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ውሃ ጠየቅኩ። አስተናጋጇ ስንት ጊዜ እንደተሞላ በማይታወቅ፣ ወገቡ በተጨማደደ የፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣችልኝ። ክዳኑን ከፈትኩና እንደ ልማዴ አፍንጫዬን ወደ ጠርሙሱ አፍ አስጠጋሁ። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ።

«ምን ያሸታሉ እማማ? ንጹሕ ነው እኮ!»

«በክፉ አትያዢብኝ የኔ ልጅ፤ ልማድ ነው» አልኳት።

ውሃው ደህና ነበር። ከክዳኑ ውስጥ ግን ስስ የጭስ ሽታ መጣብኝ። ምድጃ አጠገብ ውሎ ይሆናል፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ እንዳለሁ ደሜ ፈላ። ልጆቼ «ይህን ያህል ዘመን አልፎ አሁንም ያናድድሻል?» ይሉኛል። አዎ፣ ያናድደኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ በእኔም ላይ ፍረዱ።

እናቴ ወተት ሻጭ ነበረች። አባቴ ሸንኮራ ልማት ሊሠራ ሄዶ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው ስለነበር ቤታችንን የያዙት ሁለት ላሞችና የእናቴ ቅሎች ነበሩ። በየማለዳው ቅሎቹን አጥባ ታደርቅና የወይራ ስንጣሪ አቀጣጥላ፣ ነበልባሉን እፍ ብላ አጥፍታ፣ ጭሱ ላይ ትደፋቸዋለች። በግድግዳው ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ጭሱን እየሰነጠቀ ሲወርድ፣ እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ ደጃፉ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ከዚያ እያንዳንዱን ቅል አንስታ ታሸታለች። አንዳንዱን ካሸተተች በኋላ «ይሄ ገና ነው» ብላ እንደገና ወደ ውሃው ትመልሰዋለች። እኔ ምንም አይሸተኝም። እሷ ግን ትናንት የኮመጠጠ ወተት ዛሬ ከታጠበ ቅል ውስጥ ይሸታታል።

በዚያ ዘመን የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ዛሬው በየቦዩ የሚጣል ነገር አልነበረም። የእኛን የሰጠችን እናቴ ወተት የምታደርስላት የካቶሊክ ሚሲዮን መነኩሲት ናት፤ የብርቱካን ጭማቂ የመጣበት ነው። እናቴ መጀመሪያ እንደ ቅል መስሏት የፈላ ውሃ ገለበጠችበት፤ ወገቡ ኩምትር አለ። ከዚያ በኋላ ጠባዩን ተማረች። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ አንድ እፍኝ ገብስ ከነገለባው ትጨምርበትና አፉን ይዛ ትንጠዋለች። አሸዋ አታስጠጋውም፤ «አሸዋ ይቧጭረዋል፤ ቆሻሻ ጭረቱ ውስጥ ይደበቃል» ትላለች። ክዳኑን ለብቻው፣ ጥምዝማዙን በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ታሸዋለች። አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋ አለቅልቃ፣ ጥላ ያለበት የአጥር ቋሚ ላይ ደፍታው ትሄዳለች፤ ሳይደርቅ አይከደንም። ወተት በፍጹም አይገባበትም፤ ለውሃ ብቻ ነው። ከሁሉ በኋላ አፍንጫዋ። እሱ ካላመነ እኔ አልጠጣም። አርጅቶ አንገቱ ላይ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሳታመነታ ቆርጣ የሽንኩርት ችግኝ ተከለችበት። እኔም ያለ ጠርሙስ ቀረሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ ከነበርነው ጠርሙስ ያለን ሦስት ወይም አራት ብቻ ስለነበርን፣ ያን ማጣት ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቀላል ውርደት አልነበረም።

የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ሲቃረብ ግን ዕድሌ የተመለሰ መሰለኝ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ተማሪው ሁሉ ውሃ ይያዝ ተባለ። የገበሬዎች መጋዘን ኃላፊው በካርቶን ሙሉ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አምጥቶ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አደለን። አረንጓዴ ክዳን፣ ለጣት የሚሆን እጀታ! «አብዮቱ ለልጆቹ የሰጠው ስጦታ ነው» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መድኃኒት ነበረበት፤ ታጥቧል፤ ቤታችሁ ደግሞ አንዴ በሳሙና አለቅልቁት» አለ። ሰውየው ያውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያውቅ ነበር።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ክዳኑን ፈታች፤ አሸተተች፤ ፊቷን መለሰች። ከጎኑ ተልጦ ካላለቀ ወረቀት ላይ ሁለት የተጣመሩ አጥንቶች ቀርተው ነበር። እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ አጥንት ግን ታውቃለች።

«ይሄ ለከብት መዥገር የሚረጨው ነው» አለች።

«ታጥቧል ብሏል!»

ቢላዋ አንስታ ከመሐሉ ለሁለት ቆረጠችው፤ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት ከምንጩ ርቃ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን፣ የጓደኛዬ እናት፣ ልቅሶዬን ሰምታ የልጇን ጠርሙስ ይዛ መጣች። እሷም መጀመሪያ ሽታው አላስደሰታትም ነበርና፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንዳደረገው በሳሙና አጥባ ወይራ አጥናዋለች። ጠርሙሱ እንዳይቀልጥ ከጭሱ ከፍ አድርጋ ይዛ ግማሽ ቀን ደክማበታለች።

«እስቲ አሽቺው፤ አሁንስ ምን ይላል? እንደ ወተት ቅል አይደለም?» አለች በኩራት።

እናቴ ውሃ ሞላችበት፤ ከድና ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። የቡናው ዛፍ ጥላ ሲረዝም ከፈተችውና ለጎረቤቷ ሰጠቻት። ወይራው ፊት ለፊት ይመጣል፤ ከኋላው ግን ያ የሚያቅለሸልሽ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር ቀስ ብሎ ይከተላል። ጎረቤታችን ክዳኑን መልሳ ገጠመች። ከዚያ «አንቺ ደግሞ አፍንጫሽ አያርፍም» ብላ ጠርሙሷን ይዛ ሄደች። ልጇ እንደኔ እንድታለቅስባት አልፈለገችም፤ ይህን አሁን ይገባኛል፤ እሷን አልቀየምም።

እናቴ በማግስቱ ወተት ስታደርስ በየደጃፉ ተናገረች፦ በሱ ልጆቻችሁን አታጠጡ። ወሬው ቀበሌ ደረሰ። በሰልፉ ዋዜማ በነበረው ስብሰባ ላይ ተጠራች። የአብዮቱን ስጦታ ስም አጥፍታለችና ግለ ሂስ ታድርግ ተባለ። ደግሞ የጴንጤ ሚስት ናት፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሰባኪያችንም ከታሰረ እንዲሁ።

የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ቆመች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነበር። «ጠርሙስ ጥሩ የለም፣ ልጅ ይታመም» ስትል ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ካድሬው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበርና ግንባሩን ቋጠረ።

«ጓዲት፣ ምን እንደምትዪ አይገባም። ልጅሽ ተማሪ አይደለችም? እሷ ትተርጉም» አለ።

ከኋላ ተነሥቼ ከጎኗ ቆምኩ። እናቴ እፎይ ስትል ሰማኋት። እኔን እያየች በሀዲይኛ ተናገረች፤ እያንዳንዱ ቃል ዛሬም አለኝ፦

«ንገሪያቸው። ወይራ ሽታ ይሸፍናል እንጂ መርዝ አያወጣም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያጠንኩት ወተት እንዲጣፍጥ ነው። ነገ ልጆቹ ከመሰለፋቸው በፊት ጠርሙሱ ይሰብሰብ።»

ካድሬው «እሺ፣ ምን አለች?» አለኝ።

«ተሳስቻለሁ ትላለች» አልኩ።

እንደ ሰባኪያችን ያስሯታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ይህን ብቻ ብዬ ባልፍ ሁለተኛ መዋሸት ይሆናል። የተቆረጠው ጠርሙሴ ቂም ሆዴ ውስጥ ነበር። የሳቁባት ሰዎች እኔም ላይ የሳቁ መስሎኝ ነበር። ካድሬው «ጎበዝ!» ብሎ ጸሐፊውን አየ፤ ጸሐፊው ጻፈ፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ካድሬውና ጥቂት ሠራተኞች ሲቀሩ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሀዲይኛ የማይሰማ ሰው አልነበረም! እናቴ ያለችውን ሁሉም ሰምቷል። እኔ መዋሸቴን ሁሉም ያውቃል። ወተቷን የሚጠጡ፣ ለልጆቻቸው ስም ያወጣችላቸው ሰዎች እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። የመጋዘን ኃላፊው ከሁሉም አብልጦ ያጨበጭብ ነበር። እናቴም አማርኛ መናገር እንጂ መስማት አያቅታትም። አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በማግስቱ ተሰለፍን። አቧራው፣ ከበሮው፣ ገና በጠዋቱ ናላ የሚያዞረው ፀሐይ። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረች። እኩለ ቀን ሲሆን ከንፈሬ መድረቁን አየችና ጠርሙሷን ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ አፌ ድረስ አደረስኩት። ወይራ ሸተተኝ፤ ከወይራው ኋላ ያ ነገር መጣ። ሳልጠጣ መለስኩላት። አልጠጣሁም፤ አትጠጪም ግን አላልኳትም። ትናንት በአዳራሽ የዋሸሁትን ዛሬ በምን አፌ ላፍርሰው? እሷ ጠጣች።

ብዙም ሳይቆይ ምራቋ ይዝረበረብ ጀመር። አስመለሳት። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አከለ። መምህራችን «ፀሐይ ነው፣ ፀሐይ ነው» እያለ ከዚያው ከጠርሙሷ ውሃ ሊያጠጣት ቀና አደረጋት። እናቴ ሰልፉን ከሚያየው ሕዝብ መሐል ስትወጣ ያየኋት ያኔ ነው። ጠርሙሱን ከመምህሩ እጅ መነጨቀችው፤ ልጅቷን እንደ ሕፃን አዘለቻት፤ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። እኔም ተከተልኳት።

ድሬሰሩ «ምን ሆነች?» አለ። ደርሰው የነበሩት መምህሩና የመጋዘን ኃላፊው «ፀሐይ መትቷት ነው» አሉ፤ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ። እኔ አፌን ከፈትኩ። እናቴ ሳታየኝ እጇን ወደ ኋላ ልካ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች። መዳፏ ወይራና ወተት ይሸታል።

«ፀሐይ የለም» አለች በዚያ በተሳቀበት አማርኛዋ። «መድኃኒት። ከብት መዥገር መድኃኒት። ልጅ ጠጣ። እንካ፣ አሽት!»

ድሬሰሩ አሸተተ። ሌላ አልጠየቀም። ልብሷን አስወልቆ ገላዋን አሳጠበ፤ መርፌ ወጋት፤ ደግሞ ወጋት። በኋላ ሌሎች ሁለት ልጆች መጡ፤ ምን እንደጠጡ ስለታወቀ እነሱም ተረፉ። ጓደኛዬ ሦስት ቀን ተኝታ ተነሣች። ዛሬ ዱራሜ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች።

ጠርሙሶቹ በዚያው ሰሞን ያለ ወሬ ተለቅመው ጠፉ። ልጆቹን የመታቸው ፀሐይ ነው ተብሎ ተነገረ። የመጋዘን ኃላፊው መጋዘኑ ውስጥ ቆየ። እናቴን ይቅርታ የጠየቃት የለም፤ ካጨበጨቡት አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ደጃችን አልመጣም። የቀበሌው መዝገብ ምስጥ ካልበላው እስከ ዛሬ «ተሳስቻለሁ» ይላል፤ እኔ ያስጻፍኩት።

እኔስ ጠየቅኳት? አንድ ማለዳ ቅሎቹን ስታጥን «እማ፣ ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ። «ስንጣሪ አቀብዪኝ» አለች። አቀበልኳት። ሁለተኛ አላነሣንም።

በክረምቱ ግን መሠረተ ትምህርት ተመዘገበች። ማታ ማታ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ቀበሌ ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢሆን፣ የእኔው ትምህርት ቤት ቢሆን፣ በሄደችበት ሁሉ በራሷ አማርኛ እየተንተባተበች ተናገረች። አጠገቧ ቆሜ እያለሁ እንኳ «ተርጉሚልኝ» ብላ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ተኛች። ሕመሙ አማርኛዋን ቀስ በቀስ ወሰደው፤ ሀዲይኛው ብቻ ቀረላት። ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አላት። ከንፈሯ ቃል ፈለገ፤ አጣ። ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች፤ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። በሀዲይኛ፦

«ንገሪው» አለችኝ። «ያመጡልኝ ውሃ ይሸታል በይው።»

ሐኪሙ ይጠብቃል።

«እናቴ ያመጡልኝ ውሃ ይሸታል ትላለች» አልኩት። ቃል በቃል፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ራስጌዋ የተቀመጠውን የውሃ ጠርሙስ አንስቼ አሸተትኩ። ምንም አይሸትም ነበር። ውሃውን ደፋሁት። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ለመንኩ፤ ገብስ ስላልነበረ በጨርቅ አሸሁት፤ ክዳኑን ለብቻው አጠብኩ፤ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቄ፣ መስኮቱ ሥር ጥላው ላይ ደፋሁት። እሷ ትራሷ ላይ ሆና እያንዳንዱን ነገር ትከታተል ነበር። ሲደርቅ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት።

አሸተተች። ከዚያ ከእጄ ጠጣች።