ኢቃማ የሌለው በራሪ

ታላቅ ወንድሜ ያንን ሰውዬ የገደለው ዐይኔ እያየ ነው። እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ አልልምም።

ሰውዬው በባለሥዕል መጽሔት ውስጥ አረንጓዴ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ነበር። ታላቅ እህታችን ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር የአሠሪዎቿ ልጆች አንብበው የጣሉትን ከልብስ ጋር ጠቅልላ፣ ወደ ከሚሴ በሚመለስ ሰው ትልክልኛለች። ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። እናቴ የቁርኣን ፊደል መሬት አይነካም ብላ መጽሔቶቹን ከቁርኣኑ ጎን ከፍ አድርጋ ታስቀምጣቸው ነበር። ውስጣቸው ትከሻዋን የተራቆተች ሴት እንዳለች የምናውቀው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ሳቃችንን አፍነን እናወርዳቸዋለን።

እኔ ቁርኣን ቤት ፊደሉን ብለይም ትርጉሙ አይገባኝም። ወንድሜ ግን ሳዑዲ ኖሮ፣ ተይዞ የተባረረ ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ ሥዕሉን እያሳየ ይተረጉምልኛል። አቤት ሲያወራ! በራሪው ባሕሩን በአንድ ትንፋሽ ያቋርጣል፤ የእስር ቤት በር በትከሻው ይገነጥላል። እኔ አፌን ከፍቼ ስሰማ ምሳዬ ይቀዘቅዛል።

ከዚያ ወንድሜ እንደገና ሊሻገር በጅቡቲ በኩል ሄደ። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ተይዞ፣ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጀግናዬ ተበላሸ። በራሪው ይደክመዋል። በራሪው ጥርሱን ያመዋል። አንድ ቀን ጭራሽ ፖሊስ ያዘው።

«ለምን?» አልኩት።

«ኢቃማ የለውም።» የመኖሪያ ፈቃድ ማለቱ ነው፤ እኛ ሰፈር ያንን ቃል የማያውቅ ሕፃን የለም።

«ሰማይ ላይ ማን ኢቃማ ይጠይቃል፣ አያ?»

«ማሎ፣ ተይኝ» አለኝ፣ ቅጠሉን እየቀነጠሰ።

እኔ ነኝ የምተወው? ቀጣዩ መጽሔት ሲመጣ አፍንጫው ሥር ገለጥኩለት። «ድሮ ስታነብልኝ ጥሩ ነበር። አሁን እሱም እንዳንተ ከመንገድ የሚመለስ ሆነ» አልኩት።

የወጠረውን ጫት ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዛወረ። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አየና «ሞቷል» አለ።

«ማን?»

«ሰውዬሽ። ባሕር ውስጥ ሰጠመ።»

ሥዕሉ ላይ ካባውን ዘርግቶ ከከተማው በላይ እየበረረ ነው። ጣቴን ቀሰርኩበት። «ይኸው እየበረረ!»

«ነፍሱ ናት» አለኝ። «ኢና ሊላሂ በይ።»

ለሞተ ሰው የሚባለውን አስባለኝም። እያለቀስኩ አልኩ። እሱ ጥርሱ ላይ የተጣበቀው ቅጠል እስኪታይ ድረስ ሳቀ።

እህቴ መላኳን አላቆመችም። ወንድሜ ግን መጽሔት በመጣ ቁጥር «የሞተ ሰው ምኑ ይነበባል?» እያለ ፊቱን ያዞርብኝ ነበር።

ኋላ እኔም በተራዬ ሳዑዲ ገባሁ፤ ዐረብኛውንም ለመድኩ። አንድ ቀን የእመቤቴን ልጆች ክፍል ስጠርግ አልጋው ሥር መጽሔት፣ ሽፋኑ ላይ ያ አረንጓዴ ካባ! መጥረጊያውን ጥዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፊደሉን ድሮም አውቀዋለሁ፤ አሁን ትርጉሙም ገባኝ። ጀግናዬ ድመት የጠፋባትን ልጅ ከረሜላ እየሰጠ ያባብላል። ከዚያ ስለ ጥርስ መቦረሽ ይመክራል። አሮጌዎቹንም ጎትቼ አወጣሁ፤ እነዚያ እህቴ የላከቻቸው ዓይነቶች ናቸው፣ ሥዕላቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሁሉም ያው። ባሕር የለ፣ እስር ቤት የለ። ለካ ከመጀመሪያውም የማይረባ ነገር ነው! ጀግናዬ የኖረው ወንድሜ አፍ ውስጥ ብቻ ነበር።

ከሚሴ፣ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ሰውዬህ አልሞተም፤ አግኝቼዋለሁ» አልኩት።

«ኢቃማ አወጣ እንዴ?» አለኝ፣ እኔም እንደሌለኝ እያወቀ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።