ቅዳሜ የማይጠፋው ኮምፒውተር

ሲኒማ ራስ አካባቢ ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩት ጋሼ ይርጋ ባለፈው ረቡዕ አርፈዋል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ ስጽፍ በእንባ መጀመር ነበረብኝ። እኔ ግን እሳቸውን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ድል ነው።

የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ሥራ ተቋራጭ የመጀመሪያ ንድፌን በስድስት ሳምንት ካደረስኩ ሊቀጥረኝ ቃል ገባልኝ። መርካቶን ዞሬ ዕቃ ለቃቅሜ ኮምፒውተሬን በገዛ እጄ ገጣጠምኩ፤ ለጎረቤት ሁሉ ጉራዬን ነፋሁ። በሁለተኛው ቀን ሥራ መሐል ድርግም አለ። ከዚያ ወዲያ ሲያሻው በሰዓት፣ ሲያሻው በግማሽ ቀን ይጠፋ ጀመር። አንዱ ባለሱቅ ራሙን ቀይሪ አለኝ፤ ሌላው ፓወር ሳፕላዩ ነው አለኝ። ሁለቱንም ቀየርኩ፤ እሱም መጥፋቱን ቀጠለ። ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ተሸክሜው ጋሼ ይርጋ ዘንድ ሄድኩ።

እሳቸው ሱቅ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ፤ አንዴም አልጠፋም። በንዴት ላለቅስ ደረስኩ። ጋሼ ግን መፍቻቸውን አስቀምጠው አንድ ደብተር ሰጡኝ።

«ያለ ምክንያት የሚጠፋ የለም፤ ምክንያቱን ስላላየነው ነው። የጠፋበትን ቀን ጻፊ፤ ያልጠፋበትንም ጻፊ» አሉኝ።

ያንን ደብተር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለደንበኛ ሁሉ ይሰጡ ነበርና። በሁለት ሳምንቱ ሞልቼ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ገጹን ሲያዩ ቆዩና፣ ከቅዳሜ በቀር በየቀኑ መጥፋቱን በጣታቸው አሳይተውኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ምን እንደሚደረግ ጠየቁኝ። እማዬ ልብስ ታጥባለች አልኳቸው። ወዲያው ሱቃቸውን ዘግተው ተከተሉኝ።

ኮምፒውተሩ አናት ላይ እማዬ የሠራችው ወፍራም ነጭ ዳንቴል ነበር። ቤታችን ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ዳንቴል ለብሰዋል፤ በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም። የአየር ማስወጫውን ደፍኖት ኖሯል፤ ሙቀቱ ሲያይልበት ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ቅዳሜ ዳንቴሉ ከልብስ ጋር ይታጠባል። ኮምፒውተሩን ወደ ሱቅ ስወስድም እማዬ ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ብላ አንስታዋለች።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። አፌን ልከፍት ስል ጋሼ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው አንስተው በጥንቃቄ አጣጠፉት።

«እትዬ አስካለ፣ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ እዚህ ጥግ ማን ያየዋል? ለሱቄ ጠረጴዛ ይስጡኝ» አሉ።

እማዬ ደስ ብሏት ሰጠቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ንድፌን ቀኑ ሳይደርስ አስረከብኩ፤ ሥራውንም አገኘሁ። በደስታ ሱቃቸው ድረስ ሮጬ ስነግራቸው፣ ዳንቴሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተነጥፎ ነበር።

ለዓመታት እማዬ ምክንያቱን እንደማታውቅ አስብ ነበር። ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

«ያን ቀን ገብቶኛል። ልጄ ፊት ሳያሳፍሩኝ መሄዳቸውን ግን ጻፊላቸው» አለችኝ።

ጋሼ ይርጋ፣ ጻፍኩልዎ። በዚያው ኮምፒውተር ነው የጻፍኩት፤ አናቱ ባዶ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ በርቷል። ዳንቴልዎን ልጆችዎ ከፎቶዎ ሥር አንጥፈውታል፤ እማዬ አይታዋለች። በሰጡኝ ደብተርም የዛሬውን ቀን ሞልቼልዎታለሁ፤ «አልጠፋም» ይላል። እንግዲህ ዐርፈው ይተኙ፣ ጋሼ።