የኔሊዳ ቀኝ እግር

መጀመሪያ ልብ ያልኩት የሱሪዋን ጉልበት ነው። ከአሮጌ ቦት ጫማ ምላስ የተቆረጠ ጥቁር ቆዳ በግራም በቀኝም ተሰፍቶበታል፤ ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነው። የሌላ ሰው ልብስ ክርኑ ላይ ያልቃል፤ የእሷ የሚያልቀው ጉልበቷ ላይ ነበር።

ዶና ኔሊዳ ካዩፓን ሃያ ሁለት ክረምት ተንበርክካለች። ሥራዋ ሰው ማጫማት ነው። ባሪሎቼ ከተማ፣ ከበረዶው ተራራ ግርጌ ባለው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ኪራይ ሱቃችን ከቦነስ አይረስና ከብራዚል የመጡ እንግዶች አግዳሚው ወንበር ላይ ይደረደራሉ። እሷ ቀኝ ጉልበቷን መሬት ታስነካለች፣ የዚያው እግሯ ጣቶች ከበታቿ ታጥፈው ክብደቷን ይሸከማሉ፣ ከዚያ የእንግዳውን እግር እንደ ሕፃን ራስ በመዳፏ ትቀበላለች። እኔ ገንዘብ መቀበያው ጋ ቆሜ በየቀኑ አየው ነበር፤ በየቀኑም ይገርመኝ ነበር።

«ይቁሙ። ጣትዎ ጫፉን ነካ?»

«ነካ።»

«ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። አሁንስ?»

«ለቀቀኝ።»

«ተረከዝዎን ለማንሳት ይሞክሩ እስቲ።» ይህን ስትል በእጇ ተረከዙን ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች። «ከተነሳ ጫማው የእርስዎ አይደለም።»

«ይጠባል እኮ ሴትዮ!»

«ይጥበብ! ሰፊ ጫማ ሱቅ ውስጥ ወዳጅ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጠላት።»

እሷ ራሷ ግን አንድም ቀን በበረዶ ላይ ወርዳ አታውቅም። ላይኛው ሰፈር ተወልደው፣ ተራራውን ከአልጋቸው እያዩ አድገው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወጡበት የሚያረጁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለእኛ ተራራው መሥሪያ ቤት ነው።

በዚህ ክረምት ግን ዶና ኔሊዳ ቆረጠች። በሰኔ አርባ ስምንት ዓመት ሞላት፤ በዚያው ሳምንት ወደ ቺሌ ከሚመለስ አንድ የበረዶ መንሸራተት አስተማሪ የበረዶ ሳንቃ ገዛች። ሁለት እግር ጎን ለጎን ታስሮ ከሚወረድበት ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ፣ ሆዱ የተቦጫጨረ። በአውቶቡስ ተሸክማ ቤቷ ወሰደችው። ማታ ማታ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣው በባዶ እግሯ እየቆመች ጉልበቷን ታጥፋለች። «ምንጣፉ ላይ እስካሁን አልወደቅኩም» ትለናለች። ያሰበችው ለሠራተኞች እሁድ ነበር። የመስከረም የመጨረሻው እሁድ ተራራው ለሱቅ፣ ለወጥ ቤትና ሰው ወደ ላይ ለሚያወጣው የገመድ ወንበር ሠራተኞች በነፃ ይከፈታል። ሃያ አንድ ጊዜ ያን እሁድ ቤቷ ሆና ልብስ ስታጥብ አሳልፋዋለች።

የቀራት ቦት ጫማ ነበር፤ እሱንም አስቀምጣለች። በሱቃችን ደንብ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት ጫማ ለጥገና የተለየ ስለሆነ ለእንግዳ አይሰጥም። ክረምቱ ሲያልቅ አሮጌው ዕቃ በርካሽ ይሸጣል፤ ቅድሚያውም የሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሁላችንም በሰኔ ወር የወደድነውን ጫማ፣ ጤነኛውን በሽተኛ አስመስለን፣ ቀይ ፕላስተር እንለጥፍበታለን። ባለቤቱ ዶን አዴልሞ ያውቃል፤ እንዳላየ ያልፋል። ዶና ኔሊዳ የለጠፈችበት ግራጫ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነበር፤ አራት ጊዜ ብቻ የተከራየ። አቧራ ስትጠርግ እሱ ጋ ስትደርስ እጇ ይዘገይ ነበር።

የሽያጩ ቀን ሐሙስ ነበር። ሱቁ ሲዘጋ እንግዶች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሁላችንም ዞረን አየናት፤ ከዚያ በፊት እዚያ ተቀምጣ ያያት አልነበረም።

«ተማሪው» አለችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ በመማሬ የወጣልኝ ስም ነው፤ «ና ተንበርከክ። የራሱን ተረከዝ ራሱ የሚይዝ ሰው የለም።»

ተንበረከክሁ። ግራው ገባ፤ ስይዘው ተረከዟ ንቅንቅ አላለም። ቀኙ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ አቃሰተች። ካልሲዋን አወለቅኩ። የአውራ ጣቷ አንጓ እንደ ድንች አብጦ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ጣቱ ራሱ ጎረቤቱ ላይ ተጋድሟል። የአንድ ሰው ሁለት እግሮች መሆናቸውን ለማመን ቸገረኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«የምንበረከክበት እግር ነው» አለች፤ እሷም እንደ አዲስ እያየችው። «ሸራ ጫማ ምስጢር ይጠብቃል።»

ሠላሳ ዘጠኝን ሞከርን፣ አርባን ሞከርን። ዘጠኝ ጥንድ አወረድኩ። ቀኙ አርባ ላይ አረፈ፤ ግራው በአርባ ውስጥ እንደ ደወል ምላስ ተንቀዋለለ።

«ተረከዜ ተነሳ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ የሚባል የለም። ተነሳ በል።»

«ተነሳ።»

«ግራውን ከሠላሳ ስምንቱ፣ ቀኙን ከአርባው ቢወስዱስ?» አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማን ያያል?»

ይህ በእኛ ሱቅ «ማፋታት» ይባላል። ጥንዱ የተፋታ ጫማ ሞተ ማለት ነው፤ ቀሪዎቹን ሁለት የሚከራይ እግር የለም። ዶና ኔሊዳ መስረቅ አልፈለገችም፤ ተነስታ ሄዳ ዶን አዴልሞን ጠየቀችው። ሳቀ።

«ኔሊ ሙች፣ በሐምሌ ሰው ያባረርኩበትን በመስከረም ላንቺ ልፍቀድ? ደንቡን በጽሑፍ ያስታወስሽኝ እኮ አንቺ ነሽ!»

ቀዩን ፕላስተር ልጣ ሠላሳ ስምንቱን ገዛች።

«የማይገባዎትን ለምን ገዙት?» አልኳት ስንወጣ።

«የሚያሰፋ ሰው አለ።»

ማን እንደሆነ ገባኝ። ሴፌሪኖ አንቲሌዎ አሥራ አራት ዓመት ከእሷ ጎን የተንበረከከ ሰው ነው። የሚቆረቁር ጫማ በሙቀትና በእንጨት አስፍቶ ለእግሩ ማስማማት በከተማው እንደሱ የሚችል የለም። በሐምሌ፣ ሰው በሰው ላይ በሚወጣበት ቅዳሜ፣ አንዲት እንግዳ ግራዋን ሠላሳ ሰባት፣ ቀኟን ሠላሳ ዘጠኝ ተጫምታ ተራራ ወጣች። እያነከሰች ተመልሳ ሱቁ መሐል ጮኸች። ዶን አዴልሞ «ጥፋተኛውን ጻፉልኝ» አለ። የጻፈችው ዶና ኔሊዳ ናት፤ የሴፌሪኖ ዓይን ደክሟል፣ ግራና ቀኝ አይለይም ብላ። በማግስቱ አልመጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት አብሬያት ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ። «አንተን ይወድሃል፤ ካለህ በሩን አይዘጋብኝም» ብላ ነው ያስከተለችኝ። ጫማዎቹን በክራቸው አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

ሴፌሪኖ ከቤቱ ፊት እንጨት ይፈልጥ ነበር። አሁን መተዳደሪያው ማገዶ ነው።

«ጎሽ! የሱቁ ንግሥት!» አለ መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ።

«ሰላም ነው ሴፌሪኖ?»

«ሰላም ነበር።»

ቢሆንም አስገባን። ምድጃው ላይ ውሃ ይንሿሿል። ማቴውን፣ በአንድ ጽዋ ተራ በተራ የሚጠጣውን የቅጠል ሻይ፣ ሞልቶ መጀመሪያ ራሱ ጠጣ፤ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጠኝ። ሦስተኛውን መልሶ ራሱ ጠጣ። አራተኛው እንደገና ለእኔ መጣ። በአገራችን ቂም የያዘ ሰው ካንተ ጋር ቡና ሊጠጣ፣ ዳቦም ሊቆርስ ይችላል፤ ማቴ ሲዞር ዘሎህ ካለፈ ግን ነገሩ አልቋል። ዶና ኔሊዳ እጆቿን ጫማው ላይ አድርጋ ጽዋው በፊቷ ሲያልፍ ታየው ነበር።

«ጫማ ይዤ ነው የመጣሁት» አለች።

«አይቻለሁ። ዓይኔ እስከዚህም አልጠፋም።»

«ለነገ ነው።»

«ለሠራተኞች እሁድ! እስቲ ቁጭ በይ፤ እግርሽን አምጪ።»

ተንበረከከ። ካልሲዋን አውልቆ እግሯን ጭኑ ላይ አሳረፈና በጣቶቹ ይመረምረው ጀመር። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የእንጨት ፈላጭ ሻካራ እጅ እንደዚያ መለሳለሱን አይቼ አፌን ከፈትኩ።

«እዚህ ጋ?»

«እሱ ደህና ነው።»

«እዚህስ?»

«ኡፍ!»

ጫማውን አጫማት፣ ከላይ ዳበሰው፣ ከጆሮው ኋላ እርሳስ አውጥቶ አንዲት ነጥብ ምልክት አደረገ። «ከዚች በቀር ሌላ ችግር የለበትም» አለ። «ካልሲ ሩዝ ትሞዪና ምድጃው ላይ ታሞቂዋለሽ። ውስጡ ሲለሰልስ ያን እንጨት እዚህ አስገብቶ እስከ ጠዋት መወጠር ነው።» በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ከአንጓ የማይተልቅ፣ ከሌንጋ እንጨት የተጠረበ፣ በመያዝ ብዛት ያበራ ክብ ነገር ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «ጠዋት እግርሽ ውስጡ ይተኛል።»

ፊቷ ተለወጠ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መሰለች።

«ለነገ ይደርሳል?»

«ቢሠራ ይደርስ ነበር።»

ጫማውን ከእግሯ አወለቀ፣ ከጓደኛው ጋር በክሩ አሰረው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«እነዚህ እጆች ግራና ቀኝ አይለዩም ተብሎ ተጽፏል። ፊርማሽ አለበት።»

«ሴፌሪኖ...»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን አርብ ማታ ጫማዎቹን ማድረቂያው ላይ ያጣመራቸው ማነው?»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተንጣጣ። እሷ ጫማው ላይ ያለችውን ነጥብ በአውራ ጣቷ ታሻት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ አሳስተሽ አጣመርሽ፤ እኔ ቁጥሩን ሳላይ ሰጠሁ። አንቺ ያጣመርሽውን አይቼ አላውቅማ! አሥራ አራት ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተቀበልኩሽ። ጥፋቱ የሁለት ሰው ነው፤ አንቺ አንዱን ጻፍሽ።»

«አንዳችን መባረራችን ላይቀር...»

«አውቃለሁ። ቀድሜሽ እስክሪብቶ ባነሳ እኔም ያንቺን ስም እጽፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ያልረገምኩሽ። ጫማሽን ግን አልነካም።»

«እሺ፣ እንጨቱን አውሰኝ። እኔው እሠራዋለሁ።»

«እንጨቱ አይዋስም።»

«ዶን ሴፌሪኖ፣ አንድ ሌሊት እኮ ነው...» አልኩ።

«ተማሪው፣ ማቴህን ጠጣ። ይቀዘቅዝብሃል።»

ስንወጣ ነፋሱ ከሐይቁ ይመጣ ነበር። ከዚያ ከፍታ ተራራው ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ በረዶውን ወርቅ ቀብቶታል፣ የገመድ ወንበሮቹ እንደ ጉንዳን ተራ ይዘው ይወጣሉ። ያምር ነበር፤ በማማሩም ተናደድኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ያልሆነ ያልሆነውን መዘባረቅ ጀመርኩ፤ መሐል ከተማ ያሉ ጫማ ሰፊዎችን ጠራሁ፣ ሩዙን ቤት እናሙቀው አልኩ፣ የሚቀጥለውን ዓመት አነሳሁ።

«በሚቀጥለው ዓመት አርባ አንድ ይሆናል» አለች እግሯን እያየች።

«ነገስ? አይወጡም?»

«በየትኛው እግሬ?»

ጫማዎቹን አንገቷ ላይ መልሳ አንጠለጠለች። ከዚያ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«እዚያ ቤት ይቅርታ ከአፌ ሲወጣ ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አልነበረማ የመጣሁት። ጫማ ላሰፋ ነው። ይህንንም እሱ ገና ከበር ሳለን ተረድቶታል።»

አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ «ዶና፣ ይግቡ እንጂ፤ ብርድ አስገቡብን!» አላት። በእጇ ሂድ አለችው። እኔንም ግባ ብላ ወደ በሩ ገፋ አደረገችኝና ቁልቁል ያለውን የኮረት መንገድ ያዘች። ከኋለኛው መስኮት አየኋት። ጫማዎቹ ደረቷ ላይ እየተጋጩ፣ ቀኝ እግሯን በውጭ ጠርዙ ብቻ እየረገጠች ትወርዳለች። ክረምቱን ሙሉ አብሬያት ስሠራ እንደምታነክስ አላወቅኩም ነበር። ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጥግ ደረሰች፣ ወደ ኋላም አልዞረች፣ ታጠፈች።