ጎሚቶ ፍለጋ ከዋጫ ቦንጋ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዋጫ የተሳፈርኩት ሁለት ጎሚቶ ልገዛ ነው። ለማያውቅ፣ ጎሚቶ ማለት ቧንቧ ከቧንቧ የሚያጋጥም፣ እንደ ክርን የታጠፈ ብረት ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ በእጁ ከተረፈው ቧንቧ ለሳሎናችን የመጋረጃ መስቀያ ጀመረ። ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተገው፤ ጫፎቹ ላይ ጎሚቶው የሚጠብቅበት ጥርስ አወጣለት። ጎሚቶው ብቻ ሲቀረው ስትሮክ ጣለው። ይኸው ሰባት ወሩ፣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ አንደበቱም ተዘግቷል። አእምሮውም አብሮ ሄዷል ብለን እኔና ወንድሜ ደምድመናል። ሳይሞት መስቀያው ተሰቅሎ ቢያይ፣ ምናልባት ትንሽ ያውቀኝ እንደሆነ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ከመውጣቴ በፊት ዘንጉን አልጋው ላይ አጋድሜ ውፍረቱን በማስመሪያ ለካሁ፤ አስተማሪ አይደለሁ! ሁለት ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ሆነ። አባዬ ሲያየኝ ቆየና የግራ እጁን ትንሿን ጣት የዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ ሰካ። አወጣሁለት። መልሶ ሰካና ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሕፃን ሆኖ ቀረ ብዬ አለቀስኩ። ጣቱን ጠርጌለት ወጣሁ።

መንገዱን ክረምቱ አቡክቶታል። ሃያ ብር ከፍዬ ከመጨረሻው ወንበር ተጣበቅሁ። ሺሺንዳ ላይ ገበያተኛ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዞ ገባ፤ ማር የያዘ ጄሪካን ጭኔ ላይ ተቀመጠ፤ የማን እንደሆነ እንኳ አልተነገረኝም። በሌላ ቀን ቢሆን እነጫነጭ ነበር።

ቦንጋ አራት ሰዓት ተኩል ገባን። ባጃጅ ያዝኩና ሹፌሩ የቧንቧ ዕቃ ሻጩ የጋሽ ወልዴ ሱቅ አደረሰኝ። ሽማግሌው ባንኮኒያቸው ላይ ብሎን ይለያሉ።

«ጎሚቶ ነበር፣ ጋሼ። ሦስት ሩብ ኢንች፤ አስልቼዋለሁ» ብዬ ወረቀቴን ሰጠኋቸው።

አዩትና ሳቁ። «በውጭ ነው የለካሽ?»

«ታዲያ በምን ይለካል?»

«ቧንቧ በሆዱ ነው የሚለካ። ውሃው የሚሄድ በሆዱ አይደል?» አሉና ቁራጭ ቧንቧ አነሱ። «እኛ ሜትር ሲጠፋ በጣት ነው። ትንሿ ጣት ጥብቅ ብላ ከገባች፣ ግማሽ ኢንች። አውራ ጣት ከገባ፣ ሦስት ሩብ።» ትንሿን ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ሰኩ።

ባንኮኒውን ያዝኩ።

«ምነው ልጄ?»

«አባቴ ዛሬ ጠዋት እንዲሁ አድርጎ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አሁን አይናገርም፤ አያውቅም ብለን…»

«ነግረውሻል እኮ!» አሉኝ ጋሽ ወልዴ። «ግማሽ ኢንች ነው ብለውሻል።»

ሁለቱን በሠላሳ ብር ሰጡኝ። እጄን ሳይለቁ በሩ ድረስ ሸኙኝ።

ስመለስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቀረና ሰዉ ሁሉ ወርዶ ሲገፋ እኔ ዳር ቆሜ የተናገርኩትን ሳስታውስ ነበር። ካወቀ፣ ይሰማል። ከሰማ ደግሞ፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ከወንድሜ ጋር ያወራነውን ሁሉ ሰምቷል። የት እንደምንቀብረው ተመካክረናል። ቤቱን ማን እንደሚወስድ ተነታርከናል። «ምነው እግዜር በገላገለው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሾርባ እያጎረስኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ጎሚቶውን በደህና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ የጎሚቶውን ጥርስ ዳሰሰ፣ አገላበጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነው ማለቱ ነው። ዘንጉን ያዝኩለትና በግራ እጁ ቀስ እያለ አጠበቀው።

መጠየቅ ፈራሁ። ግን ጠየቅሁ።

«አባዬ፣ ያወራነውን ሁሉ ትሰማ ነበር?»

ጎሚቶውን ለቀቀው። አየኝና ራሱን አንድ ጊዜ ወደ ታች ነቀነቀ። እግሩ ላይ ተደፋሁ። ሰባት ወር ሙሉ ሲሰማን የከረመውን ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ይቅር በለኝ እያልኩ ሳለቅስ፣ ግራ እጁ ፀጉሬ ላይ አረፈ።