ወንድሜ ስለ ጠመንጃው የጠየቀ ዕለት

ግራ ጆሮዬ ከልጃገረድነቴ ጀምሮ ያፏጫል። አብዛኛውን ቀን እረሳዋለሁ። ብረት በብረት ላይ ቀጭ ሲል ግን ይነሣብኛል። ትናንት የሻንጣሽን ቁልፍ ቀጭ አድርገሽ ዘግተሽ፣ «እማማ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው» ስትዪኝ ብድግ ያልሁት ተቆጥቼ አልነበረም። ፉጨቱ መጣ። ከፉጨቱ ጋር የጠመንጃ ዘይት ሽታ መጣ። ከሽታው ጋር ወንድሜ መጣ።

ዓረብ አገር የሰው ቤት እየጠረግሽ ያመጣሽውን ገንዘብ ምን ላይ እንደምታውዪው አላዝሽም። ልጄ ብትሆኚም ላብሽ የራስሽ ነው። ሴት ልጅ ጠመንጃ ምን ያደርግላታል የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው። ግን እኔ የማውቀውን ሳትሰሚ አትገዢም። ተቀመጪ። በቀኜ በኩል።

መንግሥት የተለወጠበት ግንቦት ነበር። እኔ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርሁ። ቤታችን ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚያልቅበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። የተሸነፈው ጦር ከወደ ውጫሌ በመንገዱም በእርሻውም ይወርድ ነበር። ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሳይነሣ ወታደሮች ዳር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያጥቡ እናያለን። ያበጠ እግር ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሰው እንደ ሕፃን ያቃስታል። ያን ድምፅ ያኔ በሁለቱም ጆሮዬ ነበር የምሰማው።

ከእነሱ አንዱ ደጃችን መጣ። እናቴ የማሽላ ቂጣ በአሬራ አቀረበችለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆሞ በላ። ሲጨርስ ታላቅ ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ሸሚዝህንና ሽርጥህን ስጠኝ፤ ይህን ውሰድ» አለው። ይህን ያለው ክላሹን ነው። በወታደር ልብስ መንገድ ላይ መታየት አልፈለገም።

የወንድሜ ዓይን በራ። አባቴ ግን «ተው» አለ። በኛ አገር ጠመንጃ እንደ በሬ ነው፤ ሲሸጥ ዋስ ይቆማል። የማን እንደነበር፣ እንዳልተሰረቀ፣ ደም እንደሌለበት በሰው ፊት ይነገራል።

«ዋስ የሌለው ጠመንጃ ባለቤቱ ብዙ ነው» አለ አባቴ።

«አባ፣ መንግሥቱ ራሱ የለ! ዋስ ኸየት ይምጣ?»

እኔም ዝም አላልሁም። «ኸራበው ሰው ጋር ገበያ የለም። ልብሱን እንዲያው ስጠው፤ ብረቱን እሱ ይወቅበት» አልሁ።

ወንድሜ ሳቀ። «አንቺ ቃዲ ሆነሻል እንዴ?»

«ቃዲ ብሆን መጀመሪያ የማስገርፍ አንተን ነው።»

ወታደሩ የወንድሜን የዒድ ሸሚዝ ለበሰ። እጅጌው አጠረበት። ሊሄድ ካለ በኋላ ተመለሰና፣ «አያያዙን ላሳይህ። ይህ እንደ ድሮዎቹ አይደለም» አለው።

«በጠመንጃ ቤት ነው ያደግሁ!» አለ ወንድሜ።

ወታደሩ እኔን አየኝ። «እሺ እታለም፣ አላህ ይጠብቅሽ» ብሎ በደንገሉ በኩል ሄደ።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸ እዚህ ላይ ነው። የኛ አገር ወንድ ዘር ይለምናል፤ በሬ ይለምናል። ጠመንጃ እንዴት ነው ብሎ ግን አይጠይቅም። የጠየቀ ሰው «ባባቱ ቤት ጠመንጃ ያልነበረ» ይባላል፤ ስድቡ ለልጁም ይተርፋል። ወንድሜ የሚያውቀው የአባቴን አሮጌ ምንሽር ነበር። ምንሽር ከተከፈተ ሆዱ ይታያል፤ ጥይት ካላየሽ ጥይት የለም። ክላሽ እንዲህ አይደለም። ካዝናውን ብትነቅይለትም አንዴ የጎረሳትን ጥይት ይዞ ዝም ይላል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰርግ ነበር። ወንድሜ ጠመንጃውን አንግቶ ሄዶ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ተጨበጨበለት። ቀትር ላይ ተመልሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ካዝናውን ነቀለና «ባዶ ነው» ብሎ ጭኑ ላይ አጋድሞ በዘይት ጨርቅ ይወለውለው ጀመር። እኔ አጠገቡ ጎንበስ ብዬ ማሽላ እለቅም ነበር። ሽታው ይመጣልኛል፤ ፀሐይዋ አንገቴን ትሞቀኛለች። ቃታውን በጨርቁ ሲነካው ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ጥይቱ በጆሮዬ በኩል አልፎ ግድግዳውን በስቶ የእናቴን የውሃ ገንቦ ሰበረው። ውሃው በወለሉ ላይ ወደ እግሬ ሲመጣ ሁላችንም ደም መስሎን አየነው። የእናቴ አፍ ተከፍቷል፤ ጩኸቷ ግን አይሰማኝም። ወንድሜ ጨርቁን እንደያዘ ደም ፍለጋ ራሴን ይዳስስ ነበር።

ለጎረቤት የተነገረው «ገንቦ ወደቀ» ተብሎ ነው። እንዲህ ነው የሚደረገው። ውሸቱን ግን እኔ በጆሮዬ ተሸክሜዋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ጠመንጃ ያለው መጥቶ ያስመዝግብ፣ ደብቆ የተገኘ ይወረሳል ብለው አስነገሩ። የመንደሩ ወንዶች ተማከሩና መሣሪያቸውን በማሽላ ጉድጓድ ሊቀብሩ ተስማሙ። ወንድሜም ሊቀብር ተነሣ። ያን ጊዜ ክላሹን ከመስቀያው አወረድሁት።

«ወዴት ነው?» አለ።

«ወደ ከተማ። ጆሮዬን የከፈልሁበት ነው፤ ግማሹ የኔ ነው።»

አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሐል አለፍሁ። ወንድሜ ከኋላዬ እየተከተለ በዝግታ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ለኔ ስጪኝ፣ አታዋርጅኝ» ይለኛል። አንዱ ጨው ሻጭ፣ «እታለም፣ ጦሩ እኮ አልፏል፤ ዘገየሽ!» አለኝ።

«እኔን ቤቴ ድረስ መጥቶ አግኝቶኛል» አልሁት።

የመንደራችን ሐጂ ብድግ ብለው፣ «የሴት ልጅ ነውር!» አሉ።

«የአንቱ ሁለቱ ጠመንጃዎችስ ኸጉድጓድ መቼ ነው የሚወጡ?» አልኋቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ገበያው ሳቀ። ሕግ ከሆነ ለሁሉም ይሁን፤ ለደሃው ብቻ ከሆነ እኔ ሕግ አልለውም።

የሚመዘግቡት ዛፍ ሥር ነበሩ። ከእነሱ መሐል ፀጉሯን ያጎፈረች፣ ቁምጣ የለበሰች ታጋይ ነበረች። «የማን ነው?» አለችኝ።

«የወንድሜ። ግን አያያዙን አያውቅም። ሳያውቅ በስሙ እንዳትመዘግቡለት።»

በዙሪያችን ያለው ወንድ ሁሉ አሽካካ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ወንድሜ ዞራ፣ «ታውቃለህ?» አለችው።

አውቃለሁ ብሎ ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር። መንደሩ በሙሉ እያየው ነው፤ የምትጠይቀውም ሴት ናት። የቆመው በግራዬ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ የተወተፈውን ጥጥ አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም፤ ከንፈሩን ግን አየሁ።

«አላውቅም። አሳዪኝ።»

አሳየችው። መጀመሪያ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት። ጣት ከቃታው ውጭ። ካዝናው ይነቀላል። ቀጥሎ ማቀባበያው ይሳባል፤ የጎረሰው ጥይት ካለ ይወጣል። በዓይን ይታያል። «ዓይን ይሳሳታል» አለችና ትንሿን ጣቷን ማጉረሻው ውስጥ አስገባች። ወንድሜም እንደሷ አደረገ። ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ በስሙ መዘገበችለት። በነጋታው ሐጂም ሁለቱን ይዘው መጡ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከመንደሩ ጥበቃ በተመለሰ ቁጥር ደጃፍ ላይ ቆሞ ጥይቱን ያራግፋል። በቀኝ ጆሮዬ በኩል መጥቶ፣ «ባዶ ነው፤ ነይ እይው» ይለኛል። ጣቴን አስገባለሁ። ካገባሁም፣ ካረጀሁም በኋላ እንዲሁ ነበርን። የዘይቱ ሽታ እስከ መግሪብ ከጣቴ አይለቅም ነበር።

ጦርነት እንደገና በደጃችን የመጣ ጊዜ አንቺ ዓረብ አገር ነበርሽ፤ በስልክ የነገርንሽ ትንሹን ነው። ወንድሜ ጢሙ ነጥቶ ነበር። ያን ክላሽ አንግቶ ወደ አምባሰል ሊወጣ ሲል ደጃፌ መጣ። እንደ ልማዴ ጣቴን ዘረጋሁ። እጄን ያዘና መለሰው።

«እታለም፣ ዛሬ ባዶ አይደለም» አለኝ። በቀኜ በኩል ነበር፤ አጥርቼ ሰማሁት።

እሱም ጠመንጃውም አልተመለሱም።

እንግዲህ ልትገዢ ከሆነ ወረዳ ሄደሽ ፈቃድ ጠይቂ። ሕጉ መንግሥት ሲለወጥ ይለወጣልና ከጎረቤት አትስሚ፤ ከባለጉዳዩ አፍ ስሚ። ሻጩ የማን እንደነበር በሰው ፊት ካልተናገረ በርካሽ ቢሰጥሽም ተዪው። በሌላ ሰው ስም ያለ ጠመንጃ በእጅሽ አይገኝ። ለሰርግ አታውሺ። ጥይቱ ለብቻ፣ ጠመንጃው ለብቻ ይቆለፍባቸው። የማታውቂውን ጠይቂ፤ የሳቀብሽን እኔ አነጋግረዋለሁ።

ገዝተሽ የመጣሽ ዕለት ደግሞ እዚህ ደጃፍ ላይ ትቆሚያለሽ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገሽ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ትጠሪኛለሽ። ይቺን ጣቴን ሳላስገባ ቤቴ አትገቢም።