ጠበቃቸውን የከሰሱት እናት

የጠበቆች ዲሲፕሊን ጉባኤ በር ላይ፣ ከአግዳሚው ጫፍ የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። የቤታቸው ቁልፍ ዛሬም አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ግን ጠበቃቸው ከችሎት እየቀረ ለሌላ ሰው ተፈርዷል። ይኸው እሱን ከሰው ነው የሚመላለሱት።

ታዲያ ጠበቃው ብቅ ሲል ከተቀመጡበት ብድግ ይሉለታል! በንዴት የምቃጠለው አጠገባቸው ተራዬን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ዛሬም አብረው ገብተው አብረው ወጡ። ሰብሳቢው ያነበነቡት የሕግ ቋንቋ አልገባቸውም መሰለኝ፣ የተከሳሹን እጅጌ ያዝ አደረጉ።

«ልጄ፣ ምን አሉ?»

«ለሚቀጥለው ወር ቀጥረውናል፣ እማማ» አላቸው፣ ሰዓቱን እያየ።

አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጥ አድርገው፣ «አደራ እንዳትቀር» አሉት። «አንተ ከሌለህ ማን ያስረዳኛል?»