የጠዋቱ ገጽ

ሰቆጣ ኔትወርክ የመጣ ዕለት ኢንተርኔት ቤቱ ጠበል ቦታ ይመስላል። እኔና የሰፈራችን መሪጌታ፣ የኔታ፣ ለኮምፒውተር ሥልጠና ልንመዘገብ አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠናል። ተራው የእኔ ነው፤ ቀጥሎ የእሳቸው። የብራና መጽሐፋቸውን አይጥ ሳይጨርሰው በኮምፒውተር ሊገለብጡት ቸኩለዋል። ገጹ «የቀረ ቦታ፦ ሦስት» ይላል።

ቅጹን ሞልቼ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ገጹ ማንም እንዳልነካው ባዶውን ተመለሰ። ያው ሦስት።

«ከራሱ፣ ከመጀመሪያው፣ ጀምሪ» አሉኝ የኔታ። «እኛ ዘንድ የሳተ ተማሪ ካቆመበት አይቀጥልም።»

ከራሱ ጀመርኩ። ያው ሦስት። ከአበርገሌ በኩል የሚመጣው ሞቃት ነፋስ መጋረጃውን ያነሳል፣ ይጥላል። በሕልም ሲሮጡ እግር ካለበት እንደማይነቃነቅ፣ ጣቴም ይሄዳል እንጂ አይደርስም።

«አሁንም ከራሱ?»

«ትዕግሥት የለሽም እንጂ ዜማ ቤት ብትገቢ ዓመት ነበር የምትደግሚው።»

«እኔ ሥልጠና እንጂ ምንኩስና አልፈለግሁም፣ የኔታ» ብዬ እንደገና ሞልቼ ላክሁ።

የቤቱ ባለቤት ሙሉ መጥታ አየችና ሳቀች። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ እኮ አስቀምጦት የነበረውን የጠዋቱን ገጽ ነው የሚያሳያችሁ» ብላ ገጹን አደሰችው።

«የቀረ ቦታ፦ የለም።» ከሥሩ የመጨረሻዎቹ ሦስት ተመዝጋቢዎች ተደርድረዋል። ሦስቱም እኔ ነኝ።

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉና ስክሪኑን ሳይሆን እኔን አዩ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «ከሦስታችሁ ብራናውን የምትገለብጥልኝ የትኛዋ ናት?»